«ምን ጠጡ? ምን ቃሙ?» ብሎ ለጠየቀን ነርስ፦ የምስጋናና የጥቆማ ጽሑፍ ከጅማ

የተከበራችሁ የጅማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለሚያገለግል አንድ ነርስ በአባቴ፣ በቤተሰባችንና በራሴ ስም ምስጋና ለማቅረብ ነው። ስሙን እንዳልጠቅስ አጥብቆ ስለለመነኝ ልመናውን አክብሬያለሁ፤ ታካሚውም አስታማሚውም «ብራዘር» ብሎ ስለሚጠራው እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። ሴት ልጅ ስለ አባቷ የሽንት ሕመም በአደባባይ መጻፏ የሚከብዳቸው ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን የምጽፈው አስፈቅጄ ነው። አባቴ ሲፈቅዱልኝ «ሦስት ዓመት እኔ ያፈርኩት ይበቃል፤ ጻፊው» ብለውኛል።

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሕርማታ ገበያ ቡና ሲነግዱ የኖሩ፣ ሰላታቸውንም በጀመዓ መስገድ የማይተዉ ሰው ነበሩ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ቀስ በቀስ ከመስጊድ መቅረት ጀመሩ። እኛ ልጆቻቸው ጉልበታቸውን ያመማቸው መስሎን ነበር። ዘግይተን እንደተረዳነው፣ ሸንተው ጨረስኩ ካሉ በኋላ ሽንታቸው ጠብ ጠብ እያለ ውዱአቸውን ያበላሽባቸው ስለነበር፣ ሰው መካከል ቆሞ መስገድ አሳፍሯቸው ነው የቀሩት። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይነሳሉ፤ ሽንት ቤት ገብተው ረጅም ጊዜ ይቆማሉ፤ የሚወጣው ደግሞ ቀጭንና የሚቆራረጥ ነው። እናቴ «ምን ሆነህ ነው?» ስትላቸው «እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው» ይሏታል። አንድ ጊዜ ብቻቸውን ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደው ስለ ሕመማቸው ሲናገሩ «ዕድሜ ነው አባባ» ተብለው መመለሳቸውንም የነገሩን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ መልስ ነው። የፕሮስቴት ዕጢ ከ50 ዓመት በኋላ በብዙ ወንዶች ላይ እያበጠ መሄዱ እውነት ነው፤ በዕድሜ የሚመጣ መሆኑ ግን ሕክምና የለውም ማለት አይደለም።

ባለፈው ዓመት ማቃጠል ተጨመረ። አባቴ ያለ ምንም ምርመራ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝተው ሦስት ቀን ዋጡ፣ ሲሻላቸውም የቀረውን አስቀመጡት። ከወር በኋላ ማቃጠሉ ሲመለስ ያችኑ የተረፈችውን ዋጡ። ይህ አካሄድ ምን እንዳስከተለ ከታች እገልጻለሁ።

በቤታችን የሚደረገው ባህላዊ ሕክምናም ነበር። አክስቴ የገብስ ውሃ ታፈላላቸዋለች፤ የበቆሎ ፀጉር አድርቃ እየቀቀለች ታጠጣቸዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ጥቁር አዝሙድ በማር ታልሳቸዋለች። አንድ ጎረቤታችን «የጋለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሆናል» ብለው ወገባቸውን ዋገምት እንዲደረግላቸው መከሩ። ከገበያም ምን እንደሆነ የማናውቀው፣ ተወቅጦ በወረቀት የተጠቀለለ ሥር መጣ። ይህን የምዘረዝረው ለመንቀፍ አይደለም። አክስቴ ያንን ሁሉ ያደረገችው ወንድሟን ስለምትወድ ነው፤ ብዙዎቻችንም በእነዚህ ነገሮች ታክመን ያደግን ነን።

ሐምሌ ላይ አባቴን ጉንፋን ያዛቸው። በዚያን ቀን ከሰዓት የጉንፋን ኪኒን ውጠው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በርጫ ተቀምጠው ጫት ቅመው ገቡ። ከመግሪብ ጀምሮ ሽንት ጨርሶ እምቢ አላቸው። አክስቴ እንዲያመጣላቸው ብላ የገብስ ውሃውን በጆግ አቅርባ ደጋግማ አጠጣቻቸው። እኩለ ሌሊት ላይ ከእምብርታቸው በታች ያለው ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ይንቆረቆራል፤ መቀመጥም መተኛትም አልቻሉም። በዝናብ ባጃጅ ለምነን ስንሄድ መንገዱ ባነጠረን ቁጥር እጄን ጨብጠው ያቃስቱ ነበር።

ብራዘር በዚያ ሌሊት የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበር። ከየት እንደመጣን ከመጠየቁ በፊት እጁን ከእምብርታቸው በታች አሳርፎ ጫን ሳያደርግ ዳሰሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ አንቺ ከመጋረጃው ወዲያ ቆይኝ፤ አባባ ከእኔ ጋር ያወራሉ» አለኝ። አባቴ በልጃቸው ፊት እንደማይናገሩ ሳይነገረው ገብቶታል። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የሰማሁት ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። «አባባ፣ ዛሬ ምን ጠጡ? ምን ቃሙ? ምን ዋጡ? አልቆጣም፤ ለእኔ ግን ሁሉንም ይንገሩኝ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጠይቃቸው። አባቴ ለሦስት ዓመት ከእናቴ የደበቁትን ነገር አንድ በአንድ ነገሩት፤ የገብሱን፣ የሥሩን፣ የጉንፋን ኪኒኑን፣ ጫቱን፣ የመስጊዱንም ጭምር።

ሐኪሙ መጥቶ ካያቸው በኋላ ካቴተር፣ ማለትም ሽንቱን ከፊኛ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ እንዲገባላቸው ታዘዘ። ብራዘር የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ ይነግራቸው ነበር፦ «አሁን አጥብልዎታለሁ፤ አሁን የሚያደነዝዝ ቅባት አደርጋለሁ፤ ትንሽ እንታገስ፤ አሁን በረጅሙ ይተንፍሱ።» ቀጥሎ ሽንቱ ወደ ከረጢቱ ሲወርድ ድምፁ ተሰማኝ። አባቴ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው አለቀሱ። የወጣው 1300 ሚሊ ሊትር ነበር። ጤነኛ ሰው ፊኛው ውስጥ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሲጠራቀም ሽንቱ አጣድፎት ይነሳል። አባቴ የዚያን እጥፍና ከዚያ በላይ ይዘው ነበር ማለት ነው። ብራዘር በዚህ አላበቃም፤ እንዲህ ያለ መታገድ ሲለቅ ኩላሊት ከመጠን በላይ ሽንት ሊያወጣና ሰውነትን ሊያደርቅ ስለሚችል እስኪነጋ ድረስ በየሰዓቱ እየመጣ የሚወጣውን ለካ፣ የደም ግፊታቸውንም ተከታተለ።

ጠዋት ላይ አስቀምጦ ያስረዳኝን እዚህ የማሰፍረው ለሌላ ቤተሰብ ይጠቅማል ብዬ ነው። ፕሮስቴት የምትባለው ዕጢ ከፊኛው በታች ሽንት የሚወርድበትን ቧንቧ ከባ የምትገኝ ናት፤ ስታብጥ ቧንቧውን ታጠባለች። በዚያ ላይ በፊኛው አንገትና በዕጢዋ ውስጥ ያሉ ጡንቻዎች አሉ። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር እነዚያን ጡንቻዎች ያጠብቃል፤ አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ኪኒኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እንቅልፍ የሚያመጡት የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒኖች ደግሞ ፊኛው ራሱ ገፍቶ የማስወጣት አቅሙን ያደክማሉ። ሐኪሙ ያዘዘላቸው ታምሱሎሲን የሚባለው መድኃኒት ሥራው ያንኑ ጡንቻ ማላላት ነው። «ስለዚህ አባባ ጠዋት ኪኒኑን ውጠው ከሰዓት ጫት ከቃሙ አንዱ የፈታውን ሌላው ያስረዋል» አለኝ። በጅማ ከተማ ይህን ለአባቶቻችን ማስረዳት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም።

ስለ ባህላዊው ሕክምና የተናገረውም አክስቴን ሳይቀር አስደስቷታል። የገብስ ውሃም ሆነ ተልባ ዋና ጥቅሙ ፈሳሽ መሆኑ ነው፤ ሽንቱ በደንብ ለሚወርድለትና ኢንፌክሽን ለሚመላለስበት ወይም የኩላሊት ጠጠር ላለበት ሰው ብዙ ፈሳሽ መጠጣት በሕክምናም የሚመከር ነው። ጠጠር ያለበት ሰው በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት እንዲሸና ይመከራል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሱ ጠጠሮችም አብዛኞቹ በራሳቸው ይወርዳሉ። ነገር ግን መውጫው በተዘጋ ፊኛ ላይ ውሃ መጨመር ጭንቀቱን ማባስ ነው። የአክስቴ ስህተት ገብሱ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነበር። ጥቁር አዝሙዱን በምግብነት አልከለከላቸውም፤ የሽንቱን መንገድ ይከፍታል ብለው እንዳይጠብቁ ብቻ ነገራቸው። የማይታወቀውን ሥር ግን ኩላሊታቸው በተጨነቀበት ጊዜ ጭራሽ እንዳይነኩት አስጠነቀቀ፤ ከነወረቀቱም ለሐኪሙ አምጥተን እንድናሳይ አደረገ።

ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚለየው የሽንት ካልቸር ምርመራ ውጤት በሦስተኛው ቀን ደረሰ። የተገኘው ባክቴሪያ የሽንት ኢንፌክሽንን በብዛት የሚያመጣው ኢ ኮላይ ሲሆን፣ አባቴ በቁንጽል ይውጡት የነበረው ሲፕሮፍሎክሳሲን አይገድለውም። ሐኪሙ በውጤቱ መሠረት የሚሠራውን መድኃኒት አዘዘላቸው፤ ብራዘርም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ መዋጣቸውን በስልክ ሳይቀር እየደወለ አረጋገጠ። ለፕሮስቴት ካንሰር ፍንጭ የሚሰጠው የደም ምርመራ ግን ወዲያው አልተሠራም። ሽንት ታግዶ በቆየበትና ኢንፌክሽን ባለበት ሰሞን ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ስለሚል፣ ስድስት ሳምንት ያህል ተጠብቆ ተሠራ። ይህ ባይነገረን ኖሮ ቤታችን በከንቱ በሐዘን ይመታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ቀላል አልነበረም። ካቴተሩ ከሳምንት በኋላ ተነቅሎ ቢሞከር አልሆነም፤ ተመልሶ ገባ። አባቴ ተስፋ ቆርጠው እህል እምቢ ባሉ ጊዜ ብራዘር በክትትል ቀጠሯቸው አግኝቷቸው «አባባ፣ ቱቦው ከሰላት አያግድዎትም፤ ኢማምዎን ይጠይቁ» አላቸው። ኢማሙም ሽንቱን መቆጣጠር የማይችል ሰው የሰላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ አድርጎ መስገድ እንደሚችል አስረዷቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጀመዓ ያራቃቸው ጉዳይ በአንድ ጥያቄ ተፈታ። ለእኔም ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ብሎ መንጠልጠል እንዳለበት፣ መሬት መንካት እንደሌለበት፣ ከመንካቴ በፊትም በኋላም እጄን በሳሙና መታጠብ እንዳለብኝ በእጄ እያሠራ አሳየኝ። በመጨረሻ ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዕጢው ወጣ፤ የናሙናው ውጤትም ካንሰር አለመሆኑን አረጋገጠ። ለቀዶ ሐኪሞቹ፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎቹ፣ ለጽዳት ሠራተኞቹም ምስጋናችን የላቀ ነው።

ለእኅቶቼም አንድ ነገር ልጨምር። የሴት ልጅ የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ኢንፌክሽን በቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል። ገበያ ውለን ሽንት ቤት በማጣት ሽንት አምቀን የምንውል ብዙዎች ነን። ማቃጠሉ ከትኩሳት፣ ከብርድ ብርድ ማለትና ከጎን ሕመም ጋር ከመጣ ኩላሊት ደርሶ ሊሆን ስለሚችል በዳማከሴ ታሽቶ ማደር አይገባም፤ ነፍሰ ጡር ከሆነችማ ማቃጠሉ ብቻውን ቢሆንም ሳትውል ሳታድር መመርመር አለባት። ሽንት ላይ ደም ማየትም ሕመም ባይኖረው እንኳ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከምጥ በኋላ ሽንት የሚያመልጣት እናት በገጠር ካለቻችሁ ደግሞ አትደብቋት፤ በሐምሊን ፊስቱላ ማዕከላት ሕክምናው በነፃ ነው፣ ከማዕከላቱም አንዱ የሚገኘው በምዕራብ ኦሮሚያ ባለችው መቱ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ያላችሁ በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያችሁ ሄዳችሁ የሪፈር ወረቀት ያዙ። ሽንት ጨርሶ ከታገደ ግን ወረቀት ሳትጠብቁ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ስትሄዱ የዋጣችሁትን ኪኒን ከነማሸጊያው፣ የጠጣችሁትንም ቅጠልና ሥር ይዛችሁ ሂዱ፤ ማንም ሳይጠይቃችሁም ተናገሩ። ብራዘር ተረኛ ሆኖ ካገኛችሁት ዕድለኞች ናችሁ።

ማርና ቡና ይዘን ብንሄድ አልቀበልም ብሎ መልሶናል። አባቴም ይህን እንድጨምር አዝዘውኛል፦ ለልጆቹ መናገር ያፈረ አባት ካለ፣ ከዙህር ሰላት በኋላ በሕርማታ ከቡና መጋዘናቸው ደጃፍ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያገኟቸዋል፤ ሁለተኛ በርጩማም አስቀምጠዋል።