የድሆች መጠለያ ወይስ የትርኢት መድረክ?

በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ፣ መልኩ ከሰው የተለየ፣ ወገን የሌለው ድሃ ምርጫው ጠባብ ነበር፦ ወይ የድሆች መጠለያ፣ ወይ ሰው ከፍሎ መልኩን የሚያይበት ትርኢት። በአካሉ መዛባት «የዝሆን ሰው» የተባለው የሌስተሩ ጆሴፍ ሜሪክ ሁለቱንም አይቷቸዋል።

ገቢ፦ መጠለያው አልጋና ምግብ ይሰጣል፤ ገንዘብ የለም። በ1879 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የገባው ሜሪክ አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ ባዶ እጁን ወጣ። ትርኢቱ ግን ወደ 50 ፓውንድ አስቆጠበው፤ ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ክብር፦ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። በኋላ በለንደን ሆስፒታል የተከታተለው ሐኪም ፍሬድሪክ ትሪቭስ ትርኢቱን እንደ ውርደት ጻፈው። አሳዪው ቶም ኖርማን ደግሞ ሜሪክ በፈቃዱ ገብቶ ድርሻውን ይወስድ ነበር አለ። ኖርማን ለራሱ ቢያደላም እኔ ወደ እሱ አዘነብላለሁ፤ ሥራውን በደብዳቤ የጠየቀው ሜሪክ ራሱ ነውና። በመጠለያውስ ማን ፈቃዱን ጠየቀው?

አደጋ፦ ትርኢትን ፖሊስ ይዘጋዋል። ቤልጂየም ላይ ደግሞ አሠሪው ቁጠባውን ዘርፎ ጣለው። መጠለያ ቢያንስ አይዘርፍም።

መንቀሳቀስ ለሚችልና ራሱን ማስተዳደር ለሚሻ ትርኢቱ ይሻል ነበር፤ ሕመም ለጠናበትና ታማኝ አሠሪ ላጣ መጠለያው። ሜሪክ በ1886 የለንደን ሆስፒታል ተቀብሎት፣ በጋዜጣ ልመና በተሰበሰበ ገንዘብ በ1890 እስኪሞት እዚያው ኖረ፤ ይህ ግን ለጥቂቶች ብቻ የደረሰ ዕድል ነበር።