የ200 ሊትር በርሜል የጠብታ መስኖ፦ እውነት 100 ካሬ ሜትር ያጠጣል?

በገበያ ላይ «የቤተሰብ ጠብታ መስኖ» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ሲፈታ ብዙ አይደለም፦ 200 ሊትር በርሜል፣ አንድ ሳራቺኔስካ (የውሃ መክፈቻና መዝጊያ)፣ የወንፊት ማጣሪያ፣ ዋና ቱቦ፣ እያንዳንዳቸው 10 ሜትር የሆኑ 10 የጠብታ መስመሮች፣ ማያያዣዎችና ጎሚኒዎች (የጎማ ማሸጊያዎች)። ሻጮች ለ100 ካሬ ሜትር ይበቃል ይላሉ። ቱቦው ይበቃል። በርሜሉ ግን አይበቃም፤ ገዢው ይህን ሳያውቅ ቲማቲም ከተከለ የሚጎዳው ፍሬ በያዘበት ሰዓት ነው።

በመስመሩ ላይ በየ30 ሳንቲ ሜትር አንድ ቀዳዳ አለ፤ በድምሩ ወደ 330 ይሆናል። ማሸጊያው ላይ ያለው «በሰዓት 1.6 ሊትር» የሚለው ቁጥር በ1 ባር ግፊት የተለካ ነው። 1 ባር ማለት ውሃውን 10 ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። በርሜሉ 1 ሜትር ቆጥ ላይ ሲቆም የሚገኘው ግፊት ከ0.1 እስከ 0.2 ባር ስለሆነ፣ ከአንድ ቀዳዳ የሚወጣው በሰዓት ከ0.5 እስከ 0.7 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉ በርሜል በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ለአንድ ተክል የሚደርሰው 0.6 ሊትር ነው።

በበጋ ቆላማ ቦታ ላይ አንድ ካሬ ሜትር ማሳ በቀን 5 ሊትር ያህል ይጠጣል። በ100 በ30 ሳንቲ ሜትር የተተከለ ቲማቲም፣ ፍሬ ሲይዝ፣ ለአንዱ እግር 1.5 ሊትር ይፈልጋል። ለ100 ካሬው 500 ሊትር፣ ማለትም 25 ጀሪካን በየቀኑ። ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ አንድ ሙሌት ይበቃዋል፤ ካበበ በኋላ ግን በርሜሉን ሁለት ጊዜ ተኩል መሙላት፣ አለዚያም መሬቱን ወደ 40 ካሬ መቀነስ ግድ ነው። አንድ ቀን ጠግቦ አንድ ቀን የሚጠማ ቲማቲም ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ጫፉም ይጠቁራል። ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ወደ ቆጡ ማውጣት ደግሞ የቤቱን ሰው ጉልበት ይጨርሳል። የእግር ወይም የሶላር ፓምፕ ለሌለው ሰው ዕቃውን በሙሉ መጠኑ እንዲዘረጋው አንመክርም።

ሁለተኛው ድክመት የበርሜሉ መውጫ ነው። አብዛኞቹ ከታች ወለሉ ጋር የተበሱ ስለሆኑ ደለሉ በቀጥታ ወደ ማጣሪያው ይገባል። መውጫው ከወለሉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ደለሉ ከታች ይረጋል። ማጣሪያው ከ120 ሜሽ (በአንድ ኢንች ርዝመት 120 የወንፊት ቀዳዳ) የሳሳ ከሆነ ይቀየር፤ የወንዝና የሐይቅ ውሃ ከሆነ በየቀኑ ተፈትቶ ይታጠብ። በርሜሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አልጌ ያበቅላል፤ ጥቁር ላስቲክ ይልበስ፣ ክዳኑም አይከፈት።

ሲዘረጋ መሬቱ ደልዳላ መሆን አለበት። በእንዲህ ያለ ዝቅተኛ ግፊት የ50 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ከግፊቱ ከሩብ እስከ ግማሽ ይወስዳል፤ የላይኛው ረድፍ ይደርቃል፣ የታችኛው ይጨቀያል። ቀዳዳው ወደ ላይ ይዙር፤ ወደ ታች ከዞረ ጭቃ ይስባል። የመስመሩ ጫፍ ከመታጠፉ በፊት ውሃው ጥርት እስኪል በየመስመሩ ይፍሰስ፤ ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ። ለማረጋገጥ በመጀመሪያው፣ በመካከለኛውና በመጨረሻው ረድፍ፣ በራስና በጫፍ፣ ስድስት ኩባያ ለ15 ደቂቃ ይደረግ። በእያንዳንዱ ከ125 እስከ 175 ሚሊ ሊትር ካልተጠራቀመ ወይ ቆጡ ዝቅ ብሏል ወይ ማጣሪያው ተደፍኗል። አንዱ ኩባያ ብቻ ካነሰ ግን የተደፈነው ያ ቀዳዳ ነው።

አልጌና ዝቃጭ ሲበዛ፣ 5 ከመቶ ከሆነ በረኪና 40 ሚሊ ሊትር (ሦስት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ) በሙሉ በርሜል ተበጥብጦ በቱቦው ውስጥ ይደር፣ ጠዋት ጫፉ ተከፍቶ ይፍሰስ። ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ማዳበሪያን በተመለከተ ዩሪያ በዚህ መስመር ይሄዳል፦ 200 ግራም በባልዲ ይሟሟ፣ በጨርቅ ይጠለል፣ በርሜሉ ግማሽ ሲደርስ ይጨመር፣ በመጨረሻ ንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ይከተለው። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ) ግን ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ ቀዳዳ ይደፍናል፤ በተከላ ጊዜ አፈር ውስጥ ይግባ።

ለቲማቲምና ለቃሪያ ዕቃውን ያለ ጥርጥር እንመርጠዋለን። ቅጠሉ ስለማይርስ በሽታ ይቀንሳል፤ በረድፎቹ መካከል ያለው መሬት ደረቅ ስለሚሆንም አረሙ ያንሳል። ለሽንኩርት ሲሆን ሌላ ነገር ነው። በ40 በ20 በ10 ሳንቲ ሜትር (በጥንድ ረድፎች መካከል 40፣ በጥንዱ ሁለት ረድፎች መካከል 20፣ በተክሎች መካከል 10) ለሚተከል ሽንኩርት፣ በተለይ በአሸዋማ መሬት፣ የ30 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ በመካከል ደረቅ ቦታ ይተዋል። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ የተበሳ መስመር ተፈልጎ፣ በጥንድ ረድፎች መሃል አንድ ይዘርጋ። ሲገዛም የመስመሩ ውፍረት ይጠየቅ፦ 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነው ከአንድ ወቅት በላይ እምብዛም አያገለግልም፣ አይጥም በቀላሉ ትበሳዋለች።