የድሮው ባለ 60፣ ጠምዛዛው ቆጣቢ ወይስ ኤልኢዲ? አምፖል ከመግዛትዎ በፊት

ባለሱቁ «ባለ ስንት ዋት ልስጥዎ?» ሲል ብዙዎቻችን ዋቱ ከፍ ካለ ብርሃኑም ከፍ የሚል ይመስለናል። ዋት የሚናገረው ግን አምፖሉ ከመስመሩ የሚስበውን ኃይል ነው። ብርሃኑ የሚለካው በሉመን ነው፤ ካርቶኑ ላይ ይፈልጉት። የድሮው ባለ 60 ዋት ከ700 እስከ 800 ሉመን ያህል ይሰጣል። ጠምዛዛው ይህንኑ በ15 ዋት ገደማ፣ ኤልኢዲ ደግሞ በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል።

የድሮው አምፖል ውስጡ ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ነው፤ ሽቦው ግሎ ያበራል። ዋቱን የሚወስነው የሽቦው ሬዚስታንስ (ሽቦው ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግድበት መጠን፤ በኦም ይለካል) ነው፦ ቮልቱን በራሱ አባዝተው ለሬዚስታንሱ ቢያካፍሉ ዋቱን ያገኛሉ። በ220 ቮልት ባለ 60ው 807 ኦም፣ ባለ 100ው 484 ኦም ገደማ አለው። አዎ፣ የበለጠ የሚያበራው ሬዚስታንሱ ያነሰው ነው፤ ብዙ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ያሳልፋላ። ይህ የሚሆነው ቤታችን ውስጥ እያንዳንዱ አምፖል ሙሉውን 220 ስለሚያገኝ ነው። ሁለት አምፖል አንዱን ከሌላው አስከትለው ቢቀጥሉ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ባለ 40ው ደምቆ ባለ 100ው ይደበዝዛል።

ሽቦው ቀዝቃዛ ሳለ ሬዚስታንሱ ከጋለው አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ማብሪያው በተጫነበት ቅጽበት ከረንቱ በኃይል ይገባል፤ የድሮ አምፖል ብዙውን ጊዜ ገና ሲበራ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ዕድሜው ራሱ 1,000 ሰዓት ያህል ነው።

ለእኛ አገር ወሳኙ ልዩነት የሚታየው ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ነው። መስመሩ ወደ 180 ቮልት ከወረደ የድሮው አምፖል ብርሃን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጥሩ ኤልኢዲ ግን ከረንቱን የሚያስተካክል ሰርኪዩት ውስጡ ስላለው ልዩነቱን ላያስታውቅ ይችላል። ስለዚህ ከዋቱ ቀድመው የቮልት ክልሉን ያንብቡ፤ 100–240 ወይም 85–265 ከተጻፈበት ለሚዋዥቅ መስመር ይሆናል። 220–240 ብቻ የሚለውን እኔ የምገዛው መስመሩ ለማይዋዥቅ ቤት ነው።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ አምፖልም እዚሁ ጋ ይነሳል። ጥርሱ እዚህ ባለው ማቀፊያ ውስጥ ስለሚገባ ያሳስታል። የ120 ቮልቱ ባለ 60 ዋት ሬዚስታንሱ 240 ኦም ነው፤ 220 ሲያገኝ 200 ዋት ገደማ ለመሳብ ይሞክርና ወዲያው ይቃጠላል። ኤልኢዲም ቢሆን 120 ብቻ የሚል ከሆነ አይሰኩት።

ጠምዛዛውን በአጭሩ እንለፈው። ቆጣቢ ነው፤ ግን ሙሉ ብርሃኑን እስኪሰጥ ጊዜ ይወስዳል፣ ቶሎ ቶሎ ሲበራና ሲጠፋ ዕድሜው ያጥራል፣ ሲሰበር ደግሞ ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ብረት በጥቂቱ ይወጣዋል። ቤት ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ይጠቀሙበት፤ አዲስ ለመግዛት ግን ምክንያት አይታየኝም።

ቆጣሪው ላይስ? በቀን 5 ሰዓት ቢበራ ባለ 60ው በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ 1.35 ብቻ። አራት አምፖል ቢቀይሩ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይተርፋል። ፍጆታ ሲጨምር የታሪፉም ደረጃ ስለሚወጣ፣ ትርፉ ለብዙ ቤት ቀላል አይደለም።

ኤልኢዲም ጣጣ አያጣም። ብርሃን መቀነሻ ባለበት ማብሪያ ላይ ተራው ኤልኢዲ ይንቀጠቀጣል፤ ለዚያ የሚሆነውን ለይተው ይጠይቁ። ማብሪያው ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለች ደግሞ አጥፍተውትም ጭል ጭል ሊል ይችላል፤ በጠቋሚዋ በኩል የምታልፈው ጥቂት ከረንት ለኤልኢዲ ትበቃዋለች፣ የድሮውን ሽቦ ግን አታግለውም።

የድሮውን አምፖል ዛሬም የምመርጠው ጫጩት ለማሞቅ ብቻ ነው። ከሚስበው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ስለሚሆን፣ እዚያ ኤልኢዲ አይተካውም።