ጅማ ላይ ሰነድ የምታስተረጉሙ፣ ቲቸር ጋ ሂዱ

የካናዳ የሥራ ፈቃዴ ገና አልመጣም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፣ በኋላ «ውጤት ሳይገኝ ምን የሚያስመሰግን ነገር አለ?» የሚል እንዳይነሳ። ፋይሌ ወረፋ ላይ ነው። ግን ላመሰግናቸው የፈለግኩት ቲቸር ቪዛ አስመጪ አይደሉም፣ ተርጓሚ ናቸው። የተርጓሚ ሥራቸውን ደግሞ አንጀት በሚያርስ መንገድ ሠርተውልኛል።

ባለቤቴ ካልጋሪ ነው ያለው፣ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ካናዳ በሙያቸው ተቀጥረው ለሄዱ የውጭ ዜጎች ባል ወይም ሚስት ከአንድ ቀጣሪ ጋር የማያስር፣ «ክፍት» የሚባል የሥራ ፈቃድ ትሰጣለች። ድሮ ሰፋ ያለ ነበር አሉ። ከጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ወዲህ ግን ጠብቋል። ተቀጣሪው ወይ ከፍተኛ የሚባለው የሙያ ደረጃ ላይ መሆን አለበት፣ ወይ ደግሞ እንደ ጤናና ግንባታ ባሉ ሠራተኛ በሚያጥርባቸው ዘርፎች ከተመረጡት ሥራዎች አንዱን መሥራት አለበት። በዚያ ላይ ማመልከቻችሁ በሚደርሳቸው ቀን የእሱ ፈቃድ ላይ ቢያንስ 16 ወር መቅረት አለበት። አሁን አስቡት። እኛ እዚህ ማህተም ፍለጋ ስንመላለስ እዚያ ያለው ወር ይቆጠራል። ቢሰጣችሁም አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ ፈቃድ የሚያበቃው የእሱ በሚያበቃበት ቀን ነው፣ ስለዚህ ወረፋ ላይ ያለፈው ወር አልፏል፣ ማንም አይመልስላችሁም።

ይህ የሚያንገበግበውን ሰው ደላላ ከሩቅ ያውቀዋል። አክስቴ «እነሱ ያስፈጥናሉ» ብላ ይዛኝ የሄደችበት ቤት ነበር። ስም አልጠራም። ግድግዳው ላይ የካናዳ ባንዲራ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ አውሮፕላን። ልጁ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ውስጥ ሰው አለን» አለን፣ ዋጋውንም በዶላር ነገረን። አክስቴ ዶላር ስትሰማ ተነሳች፣ እግዜር ይስጣት። ግን ለትርጉም አስቀድመን ከፍለን ስለነበር የጋብቻ ሰርተፊኬቴን በእንግሊዝኛ ሠርተው ሰጡኝ።

ያንን ወረቀት ይዤ ነው ቲቸር ጋ የሄድኩት። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አንድ ጥግ ተከራይተው የሚሠሩ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ስማቸውን አላወጣም፣ ደስም አይላቸውም። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው፣ ግማሹን ሰፈር አስተምረውታል። የሄድኩት ማህተም ብቻ እንዲያደርጉልኝ ነበር። እሳቸው ግን ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አድርገው እንደ ፈተና ወረቀት ያነቡት ጀመር። ዋናውን አማርኛ ጎን ለጎን ዘርግተው ማስመሪያዋን ሁለቱም ላይ እያወረዱ። የደበዘዘውን ሐምራዊ ማህተም ወደ በሩ ወስደው በብርሃን አዩት። ከዚያ በመነጽራቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ ሰባት፣ ቲቸር።»

«ታዲያ በአሥራ አምስት ዓመትሽ ነው እንዴ የዳሩሽ?»

ለካ እነዚያ ልጆች ጥር 22 ቀን 2014 የሚለውን ወሩን ወደ ጃንዋሪ ቀይረው ዓመቱን እንዳለ ትተውታል። ፓስፖርቴ ላይ የልደት ዘመኔ በፈረንጅ 1998 ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ የሚያይ የካናዳ መኮንን በልጅነቴ ተዳርኩ ብሎ ነው የሚያስበው፣ ወይም ሰነዱን ይጠራጠረዋል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 30 ቀን 2022 ነው፣ እሑድ ነበር፣ ዝናብ ያልነበረበት የጅማ እሑድ። ቲቸር ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ 8 ዓመት እንደሚጨመር አስረዱኝ። በጭንቅላታቸውም አሥልተው አልተውትም፣ ሁለቱም አቆጣጠር ያለበትን የግድግዳ ካላንደር አውርደው ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩት። ስሜንም እንደ ፓስፖርቴ ፊደል በፊደል አስተካከሉት። እዚያኛው ትርጉም ላይ የአባቴ ስም አንድ ገጽ ውስጥ በሁለት ዓይነት ተጽፎ ነበር።

ቀጥሎ ያደረጉት ነው ይበልጥ የገረመኝ። ያመጣሁትን ፌስታል ሙሉ ወረቀት አንድ በአንድ ለዩት። «ይሄ እንግሊዝኛ ነው፣ ምኑን ልተርጉምልሽ?» እያሉ ዲግሪዬንና የባንክ ወረቀቴን መለሱልኝ። የተረፈው ጥቂት ገጽ ነበር፣ ያስከፈሉኝም የእሱን ብቻ። ያው ወረቀት እዚያኛው ቤት ሁሉም «ይተረጎማል» ተብሎ ነበር የተሰላው!

ወንድሜ እንግሊዝኛው ጥሩ ስለሆነ እሱ ቢተረጉመው ርካሽ አይሆንም ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አይቻልም። ካናዳ የቤተሰብ ትርጉም አትቀበልም፣ ወንድም፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ ሁሉ አይሆንም፣ ሙያው ቢሆንም። ተርጓሚው ደግሞ በካናዳ የተመሰከረለት ካልሆነ ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ቲቸር ለዚህ ሥራቸውን ዘግተው አብረውኝ ውልና ማስረጃ ሄዱ። በዝናብ። ባጃጅ ልያዝ ስል «ቅርብ ነው» ብለው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቀደሙኝ።

ፎርሙን እንዲሞሉልኝ ስለምናቸው ግን እምቢ አሉ። «እኔ ተርጓሚ ነኝ፣ አማካሪ አይደለሁም» አሉኝ። ለካናዳ ጉዳይ ገንዘብ ተቀብሎ ማማከር የሚችለው በካናዳ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙረው የካናዳ መንግሥትን ገጽ ከፈቱና «አንብቢ፣ ያልገባሽን ቃል ጠይቂኝ» አሉኝ። በሃያ ሰባት ዓመቴ እንደገና ክፍል ገባሁ። መብራት ሁለቴ ጠፋብን እንጂ ጨርሰነዋል።

ካነበብኩት ለእናንተም የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ክፍያው ለፈቃዱ 155፣ ለክፍት ፈቃድ ተጨማሪ 100፣ ለአሻራ 85 የካናዳ ዶላር ነው፣ በካርድ ነው የሚከፈለው፣ ባለቤቴ ከዚያው ከፈለ። አሻራ አዲስ አበባ ነው የሚሰጠው፣ የአሻራ ስጡ ደብዳቤው ከመጣ በኋላ 30 ቀን አላችሁ። የጤና ምርመራውም እነሱ የፈቀዱለት ሐኪም ጋ ብቻ ስለሆነ 350 ኪሎ ሜትሩን ሁለቴ ላለመመላለስ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ብታደርጉት ይሻላል። ምርመራው የሚያገለግለው 12 ወር ነው፣ ስለዚህ በጣም ቀድማችሁም አትሩጡ። ገጹ ላይ የሚታየው የጥበቃ ጊዜ ደግሞ ግምት ነው፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እሱን በየቀኑ እያያችሁ ደማችሁን አታፍሉ። እኔ አፍልቼዋለሁ፣ ምንም አላመጣም።

መዘግየቱ ሲበዛብን ባለቤቴ የካናዳ ኢሚግሬሽን ፋይሌ ላይ የያዘውን ማስታወሻ ጠየቀ። ካናዳ ውስጥ ያለ ሰው እናንተ ፈርማችሁ ከፈቀዳችሁለት በ5 ዶላር መጠየቅ ይችላል፣ በሕጉ በ30 ቀን ነው የሚመልሱት። የመጣው መልስ ወረፋውን አላሳጠረም። ግን የጎደለ ወረቀት የለም፣ ጥያቄ የተነሳበት ሰነድም የለም። የሚዘገየው እነሱ ጋ ባለው ክምር እንጂ እኔ በላክሁት ነገር አይደለም። ይህን ማወቅ ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚሰጥ የጠበቀ ያውቀዋል። ያ ጃንዋሪ 2014 እንዳለ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

ቲቸር፣ ይህን ልጆችዎ ያነቡልዎታል ብዬ ነው። እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ። እናቴም «አላህ ይጠብቃቸው በይልኝ» ብላለች፣ ሁለቱንም ይቀበሉን።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ዋናውን ሰነድ ያዙ፣ በስልክ ከተነሳ ፎቶ አይተረጉሙም። ፓስፖርታችሁንም ያዙ፣ ስም የሚያስተካክሉት በእሱ ነው። አርብ በጁምዓ ሰዓት አታገኟቸውም። ዋጋቸው በገጽ ነው፣ ከመጀመራቸው በፊት ይነግሯችኋል። «ያፋጥኑልኛል ወይ?» ብላችሁ ግን አትጠይቋቸው፣ ይቆጣሉ።