የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶዎችን በእጇ ለምትሥለው ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

የቆየ ፎቶ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም የሚያባዛ ሰው ሞልቷል። ፎቶውን አንብቦ የሚሥል ግን ጥቂት ነው። ይህችን ሠዓሊ በአደባባይ ልናመሰግናት የወደድነውም ለዚሁ ነው። ብሩሽ ከማንሣቷ በፊት ብዙ ትጠይቃለች፤ ጥያቄዎቿም ሥራውን ምን ያህል እንደምታውቀው ይናገራሉ።

መጀመሪያ የምትጠይቀው ዋናው ፎቶ በምን ዘዴ እንደተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም ይፋ የሆነው ዳጌሮታይፕ ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ስለሚያርፍ፣ ምስሉ እንደ መስታወት ግራና ቀኙ ይገለበጣል። እንዳለ ከተሣለ የኮቱ ቁልፍ በተቃራኒው ወገን ይውላል፣ ጽሑፍም ካለ ወደ ኋላ ይነበባል። ከ1851 በኋላ በኮሎዲየን (መስታወት ላይ በሚፈስ፣ ብርሃን በሚሰማው ፈሳሽ) የተነሡት ከመስታወት ኔጌቲቭ (ብርሃንና ጥላው ከተገለበጠበት ምስል) በእንቁላል ነጭ ወደተቀባ ወረቀት የታተሙ ከሆኑ ግን በትክክለኛው ወገናቸው ናቸው። ስለዚህ ቁልፉን፣ ቀለበቱንና ጽሑፉን ሳታይ ምስል አትገለብጥም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀለሙ ላይ ነው። ኮሎዲየን የሚያየው ሰማያዊውን፣ ወይን ጠጁንና ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ ቀይና ቢጫ አይሰማውም ማለት ይቻላል። ቀይ ልብስ ጥቁር መስሎ ይወጣል፤ ሰማያዊው ይነጣል፤ ሰማይማ ባዶ ወረቀት ነው። የጠይም ሰው ቆዳ ከእውነተኛው ይልቅ ይጠቁራል። ግራጫውን ብቻ አይቶ ቀለም የሚገምት ሰው፣ ኮምፒውተርም ቢሆን፣ እዚህ ላይ ይሸወዳል። እሷ ልብሱ ራሱ በሙዚየም ካለ ወይም በጊዜው የተጻፈ መግለጫ ከተገኘ ቀለም ትሰጠዋለች። ማስረጃ ከሌለ በቡናማና በነጭ ብቻ ትሠራዋለች፣ ደንበኛ ቢለምናትም።

እንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ያነሣቻቸውን የልዑል ዓለማየሁን ፎቶዎች የሚያሥል ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ጥርት አድርጊልኝ» ይላል። የካሜሮን ፎቶ መለስለሱ ግን ጉድለቱ አይደለም፤ መልኩ ነው። ሠዓሊዋ የፊቱን ጠርዝ ቀለሙ እርጥብ ሳለ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ታደበዝዘዋለች። በፎቶው ላይ የሌለ የቅንድብ ፀጉር አንድም አትጨምርም። (እንደኛ አስተያየት የእጇ ብቃት የሚለየው እዚህ ላይ ነው።)

አሠራሯ እንዲህ ነው። ስካኑን በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ባለ የነጥብ ብዛት) ትፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የተስፋፋው ትንሹ የካርድ ፎቶ በግምት 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የ2 ሚሊ ሜትር ዓይን በ300 ዲፒአይ 24 ነጥብ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ በ1200 ግን 94 ያህል። ከዚያ ቅጂው ላይ፣ ዋናው ላይ በፍጹም፣ ባለ 1 ሴንቲ ሜትር መረብ ታሰምራለች። 54 ካሬ ይወጣዋል። 36 በ54 ሴንቲ ሜትር በሆነው ሸራ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ካሬ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የፊቱን ካሬዎች ግን መልሳ ለአራት ትከፍላቸዋለች። ፎቶውን በፕሮጀክተር ሸራው ላይ አብርቶ መንደፍ ይፈጥናል፤ መሣሪያው ጥቂት ካዘነበለ ግን ፊቱ ይረዝማል።

ሸራው ሦስት ጊዜ ጄሶ (ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሚቀባ ነጭ መሠረት) ይቀባል፤ እያንዳንዱ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። የመጀመሪያው ንብር በተርፐንታይን (ቀለም በሚያቀጥን ፈሳሽ) የቀጠነ በርንት አምበር፣ ማለትም ጥቁር ቡናማ ቀለም፣ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ዘይቱ ይጨመራል። ይህ ከተገለበጠ የላይኛው ንብር ቀድሞ ይደርቅና ታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። የቱቦ ጥቁር ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሚሆን ጥቁሩን ከአልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) እና ከበርንት አምበር ትቀምመዋለች። ነጩ ላይ ቅንጣት ቢጫ ኦከር (የአፈር ቢጫ ቀለም) ትጨምራለች፤ ያረጀ ወረቀት ንጹሕ ነጭ ስለሌለው ነው።

ገበያ ላይ ማተሚያ ያወጣውን ሸራ በጠራ ጄል ለብጠው «በእጅ የተሣለ» የሚሉ አሉ። በማጉያ መነፅር ሲታይ ጥቃቅን የቀለም ነጥብ ካለ ኅትመት ነው። ከጎን ብርሃን ሲበራበት የብሩሹ ዱካ የምስሉን ቅርጽ ካልተከተለም ያው ነው። የእሷ ሥራ ጀርባ ላይ የዋናው ምንጭ፣ ዓመቱ፣ የተገለበጠ ወይም የተስተካከለ ነገር ሁሉ ተጽፎ ይመጣል። ማንም ነገ እንደ ጥንታዊ ዕቃ አይሸጠውም።

ጉድለት ካለ መዘግየቷ ነው፤ ለሰርግ ወይም ለምረቃ ቀን ቆርጦ ለሚጠይቅ ሰው አንጠቁማትም። የመጨረሻው ቫርኒሽ ወደ ስድስት ወር ይጠብቃል፤ እስከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አይነካም፣ ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት ግድግዳም ይርቃል። በጥቅል መላክ ካስፈለገ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ፣ ሰፊ ቱቦ ላይ ነው።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ስካኑን አስቀድማችሁ ብታዘጋጁ ጊዜ ታተርፋላችሁ።