ኮንግረሽናል መካነ መቃብር፣ ዋሽንግተን ዲሲ፦ ስም ያልተጻፈበት ጥቁር ድንጋይ

የሄድነው ግንቦት መጨረሻ ላይ ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ውትድርና ላይ አለቃዬ የነበረችው ሳጅንና ሚስቷ። «ሌላውን ሁሉ ተወው፣ መጀመሪያ እዚያ ውሰደኝ» ያለችኝ ሳጅኗ ናት። ከዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ 11 ዓመት ስኖር አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም ነበር።

ቦታው ከካፒቶል ሂል በስተምሥራቅ፣ አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ነው። በባቡር ለሚመጣ የፖቶማክ አቬኑ ጣቢያ ቅርብ ነው፤ መግቢያ አይከፈልም። የተቋቋመው በ1807 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ገና ከበሩ ስንገባ ውሾች ያለ ማሰሪያ በመቃብሮቹ መካከል ሲሮጡ አይታ ባለቤቴ ክው አለች። እኛ ስናድግ መካነ መቃብር የምንገባው ነጠላ አጣፍተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። በኋላ ሲነገረን ግን የውሾቹ ባለቤቶች በአባልነት የሚያዋጡት ገንዘብ ለግቢው መጠገኛ ይውላል፤ ቦታው ተረስቶ ሣር በዋጠው ጊዜም ለመታደግ ከተነሱት ውስጥ እነሱ ነበሩ። ግቢው ሰፊና ወጣ ገባ ነው፤ ምቹ ጫማ አድርጉ።

እኛ የመጣነው ለአንድ ድንጋይ ነው። የአየር ኃይሉ ሳጅን ሊዮናርድ ማትሎቪች ቬትናም ሦስት ጊዜ ዘምቶ ፐርፕል ኸርትና ብሮንዝ ስታር የሚባሉ ሜዳሊያዎችን የተሸለመ ሰው ነው። በ1975 ግብረ ሰዶማዊ መሆኑን ለአዛዡ በደብዳቤ አሳወቀ፤ በዚያው ዓመት ተባረረ። ከስሶ፣ ፍርድ ቤት ወደ ሥራው እንዲመለስ ወስኖለት፣ በመጨረሻ ካሳ ተቀብሎ ወጣ። በ1988 በኤድስ ሲሞት 44 ዓመቱ ነበር። ድንጋዩን ያሠራው በሕይወት ሳለ ነው። ስሙን አላስጻፈበትም፤ «ግብረ ሰዶማዊ የቬትናም ዘማች» ይላል፣ እንደሱ ላሉት ሁሉ እንዲሆን። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እንደ ገባኝ ልመልሰው፦ «ውትድርና ላይ ሳለሁ ሁለት ወንዶች ስለገደልኩ ሜዳሊያ ሰጡኝ፤ አንድ ወንድ ስላፈቀርኩ አባረሩኝ።»

ሳጅኗ ሁለቴ አነበበችው። እኔ አንዴ አንብቤ ፊቴን አዞርኩ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። በ2009 ኢራቅ አብረን ነበርን። እናቴ ያረፈች ለት ፈቃዴን አስጨርሳ፣ ሻንጣዬን በእጇ ጠቅልላ፣ አውሮፕላኑ እስኪነሳ አጠገቤ የተቀመጠችው እሷ ናት። እኛ ማታ ማታ ስልክ ስንደውል «ሚስቴ፣ ልጄ» እያልን ነው። እሷ «ፓርትነሬ» ብላ ታልፋለች፤ እንግሊዝኛ ይህን ይፈቅዳል። በእኛ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ግሱ ራሱ ያሳብቅባት ነበር። ያኔ ግብረ ሰዶማዊነቱን የገለጸን ወታደር የሚያባርረው፣ «አትጠይቅ፣ አትናገር» የሚባለው ሕግ እየሠራ ነው፤ እስኪነሳ ድረስ ከ13,000 በላይ ወታደር አባሯል። እኔም ገብቶኝ ነበር፤ አልጠየቅኋትም። ያን ዝምታዬን ጨዋነት እለው ነበር፤ እሷ ግን ያን ሁሉ ወራት ብቻዋን ነበረች።

በ2010 ፔንታጎን ሠራዊቱን ሲጠይቅ 115,000 ያህል ወታደር መለሰ። 70 በመቶው ሕጉ ቢነሳ ጉዳት አያመጣም ወይም መልካምም መጥፎም ጎን ይኖረዋል አለ። እኔን የነካኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ ግብረ ሰዶማዊ ነው ብለው ካመኑት ባልደረባ ጋር ካገለገሉት ውስጥ 92 በመቶው ክፍላቸው አብሮ የመሥራት አቅሙ ጥሩ ወይም መካከለኛ እንደነበር መስክረዋል። ሰውን የሚለውጠው ስብከት አይደለም፣ አጠገብህ የተኛው ሰው ነው። እኔንም የለወጠችኝ እሷ ናት።

ሕጉ መስከረም 2011 ተነሳ፤ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የትዳር ጥቅማ ጥቅም የተፈቀደው ግን በ2013 ነው። ሁለቱ በዚያ ዓመት ሜሪላንድ መጥተው ተጋቡ። ለሚስትየዋ የወታደር ቤተሰብ መታወቂያ ለማውጣት አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ አመላልሷቸዋል፤ ስሙን አልጠራም። በአራተኛው ቀን ሳጅኗ ከእነ ዩኒፎርሟ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ሳልይዝ አልነሳም» ብላ ነው የወሰደችው።

ከድንጋዩ አቅራቢያ የፍራንክ ካሜኒ መታሰቢያ አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ተዋግቶ በ1957 ከጦሩ የካርታ መሥሪያ ቤት የተባረረው ሰው ነው፤ ኦባማ በ2010 የሕጉን መሻሪያ ሲፈርሙ በአዳራሹ ነበር። እዚያ ስንቆም አንድ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ሽማግሌ መጡ። አይቸኩሉም፣ የተጠየቁትን ይመልሳሉ፤ ለእሳቸው ብቻ ስል እመለሳለሁ። «ከእናንተ ውስጥ ያገለገለ አለ?» አሉ። እኔና ሳጅኗ እጃችንን አነሳን። ወደ ሚስቷ እያዩ «እሷስ?» ሲሉ፣ «ባለቤቴ ናት» አለች ሳጅኗ፤ ፈጥና፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ሽማግሌው ሁለቱንም ጨበጡ። ሳጅኗ ስትሄድ ድንጋዩ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀመጠች፤ የመጣ ወታደር እንዲህ ያደርጋል።

ቤት ስንገባ አማቴ ቡና አቅርበው ጠበቁን። ቅዳሴ የማያስቀሩ ሴት ናቸው። በዓይናቸው ሚስትየዋን እያሳዩ «ያቺኛዋ ምኗ ናት?» አሉኝ በአማርኛ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቢሆን አድበስብሼ አልፍ ነበር። «ባለቤቷ ናት» አልኳቸው። ጀበናውን ይዘው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ የሚስትየዋን ስኒ ሞሉና ስኳሩን ወደ እሷ ገፉት።