ናቶ ለጾም፦ ሽታውን ከቻላችሁት ግዙት

ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተትና አይብ ይቀራል፤ እኔ ደግሞ አርባን ካለፍኩ ወዲህ የአጥንቴ ነገር ያሳስበኛል። ናቶን የገዛሁት ለዚህ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእስያ ግሮሰሪ ፍሪዘር ውስጥ ሦስት ሦስቱ ታሽጎ ይሸጣል። ዋጋው የአንድ ማኪያቶ ያህል ቢሆን ነው።

የጃፓኖች ምግብ ነው። የበሰለ አኩሪ አተር ላይ ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባል ባክቴሪያ ይጨመርና 40 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ላይ አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ቫይታሚን ኬ2 የሚያመርተው ባክቴሪያው ነው እንጂ አኩሪ አተሩ ብቻውን የለውም። 100 ግራም ናቶ ውስጥ ወደ 1000 ማይክሮግራም ይገኛል፤ ከሌላ ምግብ ይህን ያህል ማግኘት ከባድ ነው። ካልሲየምን አጥንት ላይ የሚያስይዘው ፕሮቲን ያለ ቫይታሚን ኬ አይሠራም። ቢ12 የምትፈልጉ ጾመኞች ግን ከዚህ አትጠብቁ። ለእሱ ክኒኑ ይሻላል።

ሽታው ከባድ ነው፣ አልዋሽም። ስልጆ እየበላ ያደገ ሰው ይችለዋል። ሲማሰል እንደ ሙጫ ይሳባል። በእንጀራ ጠቅልዬ ባለቤቴን ላጎርሰው ስል ክሩ ከሳህኑ እስከ ጢሙ ተዘረጋ! ከዚያ ወዲህ እንደ ጃፓኖቹ ትኩስ ሩዝ ላይ አድርጌ በማንኪያ ነው። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዘይት ጣል አደርግበታለሁ። ኬ2 በስብ ስለሚሟሟ ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

ውስጡ ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አሉ። አንዱ ሰናፍጭ ነው፣ ግሩም። ሁለተኛው ሶስ ነው፤ ጀርባውን አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ ዓሣ አለበት። ፊቱ ላይ አኩሪ አተር በትልቁ ስሎ ዓሣውን በጥቃቅን ፊደል መወሸቅ ያናድዳል። እኔ እሱን ጥዬ በአዋዜ እበላለሁ።

ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስዱ ግን እንዳትነኩት። ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክመዋል፣ የናቶው ደግሞ ደም ውስጥ ቀናት ይቆያል። አክስቴ ስለምትወስድ "ቅመሺ" አላልኳትም። እሷም፣ "ማሽተቴ ይበቃኛል ልጄ" አለች።

ለጣዕሙ ከአምስት ሦስት፣ ለዋጋው አምስት እሰጠዋለሁ። ስትገዙ ክዳኑን እዩ። እኔ አንዴ ቀልጦ እንደገና የበረደ ደርሶኛል፤ በረዶ ከተጋገረበት ከሥር ያለውን አውጡ።